ሆድ ሲፈስ ሰውነት ይደርቃል

ድርቀት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሆድ እምቢ ማለቱን ነው። «ሆዴ ደርቋል፤ ተልባ በጥብጡልኝ» እንላለን። ዛሬ የምንነጋገርበት ድርቀት ግን ሌላ ነው። ይህኛው የሚመጣው ሆድ አልቆም ሲል ነው። ተቅማጥና ትውከት ከያዘው ሰው ሰውነት ውኃና ጨው ይወጣል። ከታችም ከላይም ይወጣል። ሆዱ ይፈሳል፤ ሰውነቱ ይደርቃል።

ተቅማጥ ሕፃናትን እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሐዘን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። ነገር ግን ተቅማጥ በምን መንገድ እንደሚገድል ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን?

መልሱ ይህ ነው። ተቅማጥ ቶሎ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነትን ውኃና ጨው ስለሚጨርስ ነው። ሆድ ውስጥ የገባው ተሐዋሲ በዓይን አይታይም፤ በእጃችንም ጎትተን አናወጣውም። የፈሰሰውን ውኃ ግን በእጃችን መመለስ እንችላለን። መመለሻውም ከቤታችን አይርቅም። ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው፤ ቢሆንም ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በአንድ ቀን ካላለቀ በሁለት ቀን ይለቅ።

ሰውነታችን ምን ያህል ውኃ አለው?

ከአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ከ10 እጅ 6 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሊትር ያህል ውኃ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ቢለካ አንድ ጀሪካን ተኩል ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከ10 እጅ 7 እጅ በላይ ውኃ ነው። ይህ ውኃ ደም ሆኖ ይዞራል፤ ሽንት ሆኖ ቆሻሻ ያወጣል፤ ላብ ሆኖ ሙቀት ያበርዳል፤ እንባም ምራቅም ይሆናል።

መስኖ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ከወንዝ የተጠለፈው ውኃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠወልገው በቦዩ ጫፍ ያለው ተክል ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ውኃው ሲያንስ ደሙ ያንሳል። ልብ ያችኑ ጥቂት ደም ለማዳረስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ የቦዩ ጫፍ እነሱ ናቸውና። ኩላሊትም ውኃ ለመቆጠብ ብሎ ሽንት ይቀንሳል። በመጨረሻ ደሙ ለአንጎልና ለልብ የማይበቃበት ሰዓት ይመጣል። ሞት ያን ጊዜ ነው።

ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ ለምን ቶሎ ይጎዳል? ማሰሮው ትንሽ ስለሆነ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግማሽ ሊትር ውኃ ካጣ የድርቀት ምልክት ይታይበታል። 1 ሊትር ካጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አባት 1 ሊትር ላብ አፍስሶ ከእርሻ ቢመለስ ውኃውን ጠጥቶ ይረሳዋል። ለልጁ ግን ያው 1 ሊትር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ምልክቶቹን በዓይንና በእጅ እንለይ

ድርቀትን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ብርሃን ባለበት አድርጋችሁ እነዚህን ተመልከቱ።

1ኛ. ዓይን። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል? ሲያለቅስስ እንባ አለው?

2ኛ. አፍ። ምላሱና ከንፈሩ ደርቋል?

3ኛ. ጥማት። ውኃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል? ኩባያውን አልለቅም ይላል?

4ኛ. ሽንት። ሽንቱ አንሷል? መልኩስ ጠቁሯል?

5ኛ. እርግብግቢት። በጨቅላ ሕፃን አናት ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ጎድጉዷል?

6ኛ. ጠባይ። ይነጫነጫል? ዕረፍት አጥቷል?

7ኛ. ቆዳ። በእምብርቱና በጎኑ መካከል ያለውን የሆድ ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡና ልቀቁት። የጤነኛ ልጅ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። የደረቀ ልጅ ቆዳ ግን እንደ ታጠፈ ጨርቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው።

ጥጃ ሲያስቀዝነው ያየ ገበሬ እነዚህን ምልክቶች ያውቃቸዋል። የጥጃው ዓይን ይገባል፤ ቆዳው ይጨማደዳል፤ እግሩ አልቆምለት ይላል። የልጅም ድርቀት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከእነዚህ የባሱ ምልክቶችም አሉ። ልጁ ፈዝዞ አልነቃ ካለ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የተሳበው ቆዳ «አንድ፣ ሁለት» ተብሎ ተቆጥሮም ገና ካልተመለሰ፣ ድርቀቱ ብርቱ ሆኗል። ያን ጊዜ «እስከ ነገ እንየው» አይባልም። ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በጣም የከሳ ልጅ ቆዳው ያለ ድርቀትም ቀስ ብሎ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ውኃና ጨው የሚሰጠው በተለየ መጠን ነው። ስለዚህ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

«ሆዱ ይረፍ» የሚለው ምክር

ፊደል በምናስቆጥርበት ዳስ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሆዱ እየፈሰሰ እኔ ውኃ ከጨመርሁበት እሱኑ አይደል የሚያስቀምጠው? ከላይ እያፈሰስኩ ከታች እንዴት ይቆማል?»

«እማማ፣ የሚፈሰው ውኃ የሚቀዳው ከራሱ ከልጁ ሰውነት ነው። ባይጠጣም ይፈሳል። የሚያንጠባጥብ እንስራ ውኃ ስላልጨመሩበት ማንጠባጠቡን ይተዋል?»

«አይ፣ መች ይተዋል! ባዶውን እስኪቀር ያንጠባጥባል እንጂ።»

«እንግዲያው ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ እየሞሉ ማቆየት ነው። የልጅ ተቅማጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ይቆማል። እኛ ማድረግ ያለብን ልጁን እስከዚያ ማድረስ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛ ሁለት ቀብረናል። ሆዱ ይረፍ ብለን ውኃውንም ወተቱንም ከለከልን። ትንሹ ውኃ ውኃ እንዳለ ነው የሄደው» አሉ። ዳሱ ጸጥ አለ።

ለእኚህ አባት ምን ይባላል? እውነቱን መናገር ነው። «ሆዱ ይረፍ» የሚለው ምክር የገበሬ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓም በአሜሪካም በትልልቅ ሆስፒታሎች የተማሩ ሐኪሞች ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ለብዙ ዘመን ምግብ ሲከለክሉ ኖረዋል። እነሱም ሆድ እንዲያርፍ ብለው ነው። እነሱ ያላወቁትን ገበሬው ከየት ያውቀዋል? ያላወቀ ሰው አይወቀስም። ዛሬ ግን ነገሩ ታውቋል። ያወቀ ሰው ላላወቀው ጎረቤቱ ይንገር።

ጨውና ስኳር ጥማድ በሬ ናቸው

ታዲያ ውኃ ብቻ ማጠጣት አይበቃም? ይረዳል፤ ግን አይበቃም። ከሰውነት ከውኃው ጋር ጨውም ወጥቷል። ከብት አሞሌ ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰውም ያለ ጨው አይቆምም። ነገር ግን ጨው ብቻውን በውኃ ተበጥብጦ ቢሰጥ ተቅማጥ በያዘው አንጀት በደንብ አያልፍም። ስኳር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በአንጀታችን ግድግዳ ላይ ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ የሚከፈት በር አለ። ሁለቱ ተጠምደው ይገባሉ፤ ውኃውም ተከትሏቸው ይገባል። ነገሩ እንደ ጥማድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን ሞፈር አይስብም። ሁለቱ ሲጠመዱ ግን ማረሻው ይከተላል። ይህ በር በኮሌራ በተያዘ ሰው አንጀት ላይ እንኳ አይዘጋም። ተቅማጡ እየፈሰሰ ሳለ ውኃ በአፍ መልሶ ማስገባት የሚቻለው ስለዚህ ነው።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። በ1824 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832) ቶማስ ላታ የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም ኮሌራ ለያዛቸው ሰዎች ጨው ያለበት ውኃ በደም ሥራቸው ሰጠ። ሊሞቱ የደረሱ አንዳንድ ሰዎች ነቁ። ይህ መንገድ ዛሬም ለብርቱ ድርቀት ይሠራል። ግን መርፌ፣ ንጹሕ ፈሳሽና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በየጎጆው አይገኝም።

በ1952 ዓ.ም. (በ1960) ሮበርት ክሬን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ጨውና ስኳር በአንጀት ውስጥ ተጠምደው እንደሚገቡ አስረዳ። በ1960 ዓ.ም. (በ1968) ደግሞ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የሚባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ በሆነችው በዳካ ሙከራ አደረጉ። ኮሌራ ለያዛቸው ሰዎች የስኳርና የጨው ውኃ በአፍ ሰጡ። በመርፌ ይሰጥ ከነበረው ፈሳሽ አብዛኛውን በአፍ መተካት እንደሚቻል ታየ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1963 ዓ.ም. (በ1971) ነው። በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ባንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ገባ። ሕሙማኑ ወለል ላይ ተኝተው ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ ሄደ። በዚያ የነበሩት ሕንዳዊ ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይባላሉ። ጨው፣ ስኳርና ሶዳ በልክ እየተመዘነ በፕላስቲክ እየታሸገ እንዲመጣ አደረጉ። ያ በውኃ ይበጠበጣል። የሚያጠጡት ደግሞ ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ እናት ልጇን፣ ወንድም ወንድሙን በኩባያ ያጠጣ ነበር። ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ ከነበረበት ሁኔታ የሟቹ ቁጥር ከ100 ከ4 በታች ወረደ። እኚህ ሐኪም በ2015 ዓ.ም. (በ2022) ዐረፉ።

በ1972 ዓ.ም. ገደማ (በ1980) በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ይሞቱ እንደነበር ይገመታል። ዛሬ ይህ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሆኗል። ንጹሕ ውኃ፣ ክትባትና የተሻለ ምግብ ለዚህ ረድተዋል። የጨውና የስኳር ውኃም ትልቅ ድርሻ አለው። ግማሽ ሚሊዮን ግን ዛሬም ጥቂት አይደለም። ሥራው አላለቀም።

እንዴት ይበጠበጣል?

በጤና ኬላ የሚሰጠው ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. ይባላል። በአማርኛ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ይሉታል። በውስጡ ጨው፣ ስኳርና ሌሎች ለሰውነት የሚያስፈልጉ ጨዎች በልክ ተመዝነው ገብተዋል። አበጣጠሩ እንዲህ ነው።

1ኛ. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከጠፋ አመድ ይሆናል።

2ኛ. ፓኬቱን ከመክፈታችሁ በፊት አንብቡት። ለስንት ውኃ እንደሆነ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ብዙው ለ1 ሊትር ነው። የሚያበቃበት ቀን አለማለፉንም ተመልከቱ። ፊደልና ቁጥር የቆጠርነው ለዚህ ለዚህ ነው!

3ኛ. ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ 1 ሊትር ለኩ። መለኪያ ከሌለ በገበያ የሚገኘው የውኃ ፕላስቲክ፣ ሰዉ «ሃይላንድ» የሚለው፣ ያገለግላል። ግን ሃይላንድ ሁሉ 1 ሊትር አይደለም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ አለ፤ 2 ሊትር የሚይዝም አለ። በላዩ የተጻፈውን አንብቡ።

4ኛ. የፓኬቱን ዱቄት ሁሉንም ጨምሩ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ አይባልም። እስኪሟሟ አማስሉት።

5ኛ. ከድናችሁ አስቀምጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። የተረፈውን ድፉና አዲስ በጥብጡ።

ፓኬቱ ከሌለስ? እስኪገኝ ድረስ በቤት ይሠራል። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ማንኪያው አይከመርም፤ አፉ እኩል ይሁን። ስኳር ስድስት፣ ጨው ግማሽ። ይህን እንደ ጸሎት በቃላችሁ ያዙት። ከበጠበጣችሁ በኋላ ቅመሱት። ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ጨው በዝቷልና ድፉት። ጨው ሲበዛ ልጁን ሊገድል ይችላል። ስኳር ሲበዛም ተቅማጡን ያብሳል። «ይጣፍጠው» ተብሎ አይጨመርም።

ስኳር ከጠፋ ቀጭን አጥሚት ወይም የሩዝ ውኃ ጥቂት ጨው ጣል ተደርጎበት ይሰጥ። እህልም በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናልና ይረዳል።

ስንት ይጠጣ? ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ይህም አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው። ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ላለ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ወይም ሁለት ስኒ ያህል ይሰጣል። ከዚያ በላይ ያለ ሰው የቻለውን ያህል ይጠጣ። ይህ መጠን ልጁ እንዳይደርቅ ለመጠበቅ ነው። የድርቀት ምልክት ከታየበት ግን ከዚህ የበለጠ ስለሚያስፈልገው፣ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ለሕፃን በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ቢያስመልሰው አትደንግጡ፤ አታቁሙም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩና እንደገና በማንኪያ፣ ከበፊቱ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ካስመለሰው የሚበልጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል።

ጡት የሚጠባ ልጅ ጡት አይከልከል። እንዲያውም ከወትሮው አብዝቶ ይጥባ። ምግብ የጀመረ ልጅም ምግቡ አይቋረጥበት። ተቅማጡ ካቆመ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠው፤ የከሳው ገላ እንዲመለስ ነው።

ከጤና ኬላ ከፓኬቱ ጋር ዚንክ የሚባል ኪኒን ይሰጣል። ዚንክ ተቅማጡን ያሳጥራል፤ ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጣም ይረዳል። ከ10 እስከ 14 ቀን የታዘዘው ሁሉ መጨረስ አለበት። ተቅማጡ ስለቆመ ኪኒኑ አይቋረጥም።

መቼ እንሩጥ?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፤
ፈዝዞ ወይም ተዝለፍልፎ ከተኛ፤
ዓይኑ ከገባና ቆዳው ቀስ ብሎ ከተመለሰ፤
የጠጣውን ሁሉ ከመለሰ፤
በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ፤
ትኩሳት ካለው፤
ገና ሁለት ወር ካልሞላው።

በመንገድ ላይም ማጠጣት አይቋረጥም። የተበጠበጠውን ይዛችሁ እየሄዳችሁ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት። መጠጣት ያቃተውና ራሱን ያላወቀ ልጅ ግን በግድ በአፉ አይፈስበትም፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ትልቅ ሰውም ቢሆን የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውኃ በድንገት ካስቀመጠው፣ ካስመለሰው፣ ባቱን ከሸማቀቀው፣ ድምፁ ከሰለለ፣ ኮሌራ ሊሆን ይችላል። ሰዉ በተለምዶ አተት የሚለው ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ኮሌራ ብርቱ ሰውን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሕመምተኛውን እያጠጣችሁ ውሰዱት፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ወዲያው ንገሩ። እነዚህ ሠራተኞች ወደየቀበሌው የተመደቡት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጭምር ነው። በሽታውን መደበቅ ጎረቤትን ማስፈጀት ነው።

እነዚህን አናድርግ

የሕፃን ድድ አብጦ ሲታይ «ግግ ነው፤ ተቅማጡን ያመጣበት እሱ ነው» ይባልና ድዱ በስለት ይቧጠጣል። ጥርስ ማብቀል ብርቱ ተቅማጥ አያመጣም። ስለቱ ግን ደም ያፈሳል፤ ሌላ በሽታም ያስገባል። ውኃ ካነሰው ልጅ ላይ ደም መጨመር ምን ይባላል?

ከገበያ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ለልጅ መስጠትም አይገባም። አብዛኛው የሕፃን ተቅማጥ እንዲህ ባለ መድኃኒት አይድንም። የሚያስፈልግ ከሆነ የሚያዘው ሐኪም ነው። ተቅማጥ የሚያቆም የትልቅ ሰው ኪኒንም ለልጅ አይሰጥ።

ለስላሳ መጠጥና በጣም የጣፈጠ ሻይም ይቅር። ስኳራቸው ብዙ፣ ጨዋቸው ጥቂት ነው። አንዱ በሬ ወፍሮ አንዱ ሲከሳ እርሻው አይሄድም።

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ወይ?

አንዳንድ አባወራ «የልጅ ሕመም የእናቱ ነገር ነው» ሲል ይሰማል። እናትየው ገበያ የሄደች ቀን፣ ወይም ወልዳ የተኛች ቀን ልጁን ተቅማጥ ቢይዘውስ? ተቅማጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ስድስት ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ለመበጥበጥ ወንድ መሆን አያግድም። ውኃ ማፍላትም፣ ልጅ ታቅፎ በማንኪያ ማጠጣትም እንዲሁ።

ተቅማጥ እንዳይገባም መከላከል ይቻላል። ዓይነ ምድር በሽንት ቤት ይወገድ፤ ጉድጓዱም ክዳን ይኑረው። ከሽንት ቤት መልስ፣ ልጅ ካጠባን በኋላና ምግብ ከመንካታችን በፊት እጃችንን እንታጠብ። የመጠጥ ውኃ ይፈላ ወይም በመድኃኒት ይታከም። ጀሪካኑ ከውስጥ ይታጠብ፤ ይከደን። ምንጩ ታጥሮ ከብት እንዳይገባበት ይደረግ። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይጥባ። ሮታ ለሚባለው፣ ሕፃናትን ክፉኛ ለሚያስቀምጠው ተሐዋሲ ከ2006 ዓ.ም. (ከ2013) ጀምሮ በአገራችን ክትባት አለ። ልጆቻችሁን በቀጠሯቸው ቀን አስከትቡ።

ከቤት ወደ ቤት

ከላይ ስለ ባንግላዴሽ አንሥተን ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በዚያ አገር የሆነውም ለእኛ ትምህርት ነው። ብራክ የሚባል ድርጅት ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. (ከ1980 እስከ 1990) ባሉት አሥር ዓመታት ሴት አስተማሪዎችን በገጠሩ አሰማራ። እነሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤቶች አስተማሩ። ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ አይችሉም ነበር። ፓኬትም በየቤቱ አልነበረም። ስለዚህ መለኪያው እጅ ሆነ፤ በሦስት ጣት ቆንጥሮ ጨው፣ በእፍኝ ደግሞ ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ጥቁር ስኳር። እናትየዋ አስተማሪዋ እያየቻት ራሷ ትበጠብጣለች።

የአስተማሪዎቹ ደመወዝ እንዴት ይከፈል እንደነበር ታውቃላችሁ? ሌላ ሰው ቆይቶ ይመጣና እናቶቹን ይጠይቃል። እናቶቹ ብዙ ካስታወሱ አስተማሪዋ ብዙ ይከፈላታል፤ ከረሱ ክፍያዋ ያንሳል። ስለዚህ ነግሮ መሄድ አይበቃም ነበር። ሰሚዋ እስክትይዘው ድረስ መድገም ነበረባቸው።

እኛም እንዲህ እናድርግ። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት። በዕድር ቀን፣ በቡና ሰዓት፣ ከገበያ መልስ ይነገር። የሰማውን ሰው ደግሞ መልሳችሁ ጠይቁት፤ «ስኳር ስንት? ጨው ስንት? ውኃ ስንት?» በሉት። ከተሳሳተ አርሙት፤ እስኪመልስ ድገሙለት።

የቤት ሥራም አለ። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለውን የውኃ ፕላስቲክ አንሡና በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። 1 ሊትር የሚለውን ካገኛችሁ አጥባችሁ ለብቻው አስቀምጡት። የሻይ ማንኪያ ከአጠገቡ አድርጉ። ከጤና ኬላም ሁለት ፓኬት ለምኑና ከዝናብና ከጭስ በተጠበቀ ቦታ አኑሩ። ተቅማጥ ሌሊት ቢመጣ ዕቃው የት እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።